ከተማ ዳር ቤት ለገባችሁ፦ ቡታጋዝ ከማን ይሻላል?

ኮዬ ፈጬ በገባሁ ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ያለችውን ቀዳዳ እያሳየኝ "የጋዝ መስመር በዚህ ነው የሚገባው አይደል? መቼ ይሆን?" አለኝ። ቀዳዳዋ የአየር መውጫ ነበረች። አልፈረድኩበትም። በመስከረም 2018 የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቆ፣ ወሬው ሁሉ ጋዝ ጋዝ ይል ነበር።

የካሉቡ ግን ሜቴን ነው። በጣም ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ በቦቴ የሚጓጓዝ። እኛ ቤት ያለው ሲሊንደር የያዘው ደግሞ ከውጭ የሚገባ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። በቧንቧ በየቤቱ የሚገባ ጋዝ አዲስ አበባ የላትም። ስለዚህ ለአዲስ ቤት ጋዝ ማስገባት ማለት ሲሊንደር ማስገባት ማለት ነው። (ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ "ጋዝ አለ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ላምባ ሊቀዱላችሁ ይችላሉ። "ቡታጋዝ" በሉ።)

ጥያቄው ከማን የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጋዙን ሊመርጥ ሲሞክር ነው። ጋዙ ከማንም ብትገዙት ያው ነው። የሚለያየው ባዶው ሲሊንደር ነው። ሲያልቅ ማን ይቀበለዋል? ሙሉው በስንት ቀን ይመጣል? መሀል ከተማ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳ፣ ሰበታ ወይ ሱሉልታ ላለ ሰው ግን ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

እኔ ሲሊንደሬን የመረጥኩት በዋጋው ነበር። መሀል ከተማ ከአንድ ሻጭ ረከስ ያለ አገኘሁ፣ ሬጉሌተርም (ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመውን የግፊት መቀነሻ) ጨመረልኝ። ደስ ብሎኝ ጭኜ መጣሁ። አለቀ። የሰፈራችን ሱቅ ይዤ ብሄድ "ጋሼ፣ ይህን እኛ አንቀይርም" አለኝ ልጁ። ሁለተኛው ሱቅም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ሻጩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። በነጋታው ቤታችን የሚካኤል ማኅበር ተራ ነበር። ሽሮው በከሰል ተሠራ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

ከመግዛት በፊት መለኪያው

አንደኛው ርቀት ነው። ከቤታችሁ በእግር ወይም በባጃጅ በምትደርሱበት ቦታ ስንት ሱቅ የዚያን ድርጅት ሲሊንደር ይቀይራል? አንድ ብቻ ከሆነ አማራጭ የላችሁም ማለት ነው። ሁለት ወይ ሦስት ከሆነ ጥሩ ነው። ይህን ለማወቅ ሻጩን አትጠይቁ፤ እሱ "በየቦታው አለ" ነው የሚለው። ጎረቤት ጠይቁ። የተሻለው ደግሞ ራሳችሁ በየሱቁ ዞራችሁ የተደረደሩትን ሲሊንደሮች ቀለምና ስም ማየት ነው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የከፈላችሁት ትልቁ ገንዘብ የሽያጭ ነው ወይስ የማስያዣ? ማስያዣ ከሆነ ሲሊንደሩን ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ግን ደረሰኙ ላይ "ማስያዣ" ተብሎ ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ያምናችኋል? ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህች አንዲት ቃል ብዙ ዋጋ አላት።

ሦስተኛው ሬጉሌተሩ ነው። የሲሊንደሮች ራስጌ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በጥርስ የሚጠብቅ ነው፣ አንዳንዱ ተጭነው ቀጭ የሚያደርጉት ነው፣ ቀጭ የሚለውም ስፋቱ ይለያያል። ሲሊንደር ስትቀይሩ ሬጉሌተር መቀየር ሊመጣ ይችላል። ያልገጠመውን በጨርቅ ወይ በላስቲክ ጠቅልሎ ለማስገጠም የሚሞክር ሻጭ ካያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኪሎውን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

በየሲሊንደሩ አንገት ላይ የባዶው ክብደት ተቀርጿል። በአገራችን ቤት ውስጥ የተለመደው 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ነው። እንበልና አንገቱ ላይ 14.2 ተብሎ ከተቀረጸ፣ ሙሉው ሲመዘን 26.7 መምጣት አለበት። 25 ከመጣ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ጋዝ የለም። ሱቁ ሚዛን ከሌለው የሻንጣ ማንጠልጠያ ሚዛን ግዙ፤ ብዙዎቹ እስከ 50 ኪሎ ያነሣሉ። የሰውነት ሚዛን ካላችሁም ይሠራል፦ ሲሊንደሩን አቅፋችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ቀንሱ። ወገባችሁን ብቻ ጠብቁ።

ደግሞ ሙሉ ሲሊንደር ማለት አፉ ድረስ የሞላ ማለት አይደለም። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ አምስተኛ ያህሉ ባዶ ቦታ መሆን አለበት። ስለዚህ ከልኩ በላይ የመዘነ ሲሊንደርም ምርቃት አይደለም፣ አደጋ ነው። ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ የሚገለብጡ ሰዎች የሚያደርሱት ጉዳት ይኸው ነው። ልኩን የሚያቆምላቸው ነገር የለም፤ ሲገለብጡም ጋዙ ወለል ላይ ይተኛል።

ስንት ቀን ይቆያል? መካከለኛ የምድጃ ዓይን ሙሉ ሲከፈት በሰዓት 140 ግራም አካባቢ ያቃጥላል። በቀን ሁለት ሰዓት ብታበስሉ 12.5 ኪሎው ወደ 45 ቀን ይሄዳል። ትልቁን ዓይን የምትወዱ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ፣ ከወር በታች ይወርዳል። ይህን ካሰባችሁ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትቀይሩ ታውቃላችሁ። የማጓጓዣውን ዋጋ በዚያ አባዙት። አንዳንዴ የሲሊንደሩ ርካሽነት በባጃጅ ያልቃል።

የሰፈር ሱቅ ቅያሬ

ባዶ ትሰጣላችሁ፣ ሙሉ ትወስዳላችሁ። በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ከተማ ዳር ላለ ሰው ይህን የሚያህል ምቾት የለም። ባለሱቁ ጎረቤት ነው፣ ሲያጣም "ሐሙስ ይመጣል" ብሎ ይነግራችኋል፤ ከተግባባችሁም አንድ ያስቀምጥላችኋል።

ችግሩ እጥረት ሲመጣ ነው። ሱቁ የመጨረሻው ሰንሰለት ስለሆነ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው፤ ዋጋውም እንደ ቀኑ ነው። ሌላው ደግሞ የእናንተ አዲሱ ሲሊንደር ሄዶ የዛገና የተጎዳ ሊመጣላችሁ ይችላል። መቀበል ግዴታ አይደለም። የታችኛው ቀለበት የተጣመመ፣ ጎኑ የጎደጎደ፣ ዝገቱ ቅርፊት የሠራ ከሆነ መልሱ። ማሸጊያው አፉ ላይ መኖሩንም እዩ።

የድርጅቱ ወኪል ወይም ማደያ

አንዳንድ የነዳጅ ማደያዎች ቡታጋዝ ይሸጣሉ፣ ከዚያ ውጭም የድርጅት ወኪሎች አሉ። እዚህ ደረሰኝ አለ፣ ማስያዣው በወረቀት ነው፣ ሚዛን መጠየቅ አያሳፍርም። ሲሊንደሩ ቢያፈስ ይዛችሁ የምትሄዱበት ቦታ አለ።

ግን ሩቅ ነው። ከገላን ወይ ከለገጣፎ ጓሮ ወኪሉ ድረስ ባዶ ይዞ መሄድ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ታክሲ ሲሊንደር አይጭንም፣ ባይጭንም ደግ አደረገ። መኪና ላለው ወይም ሥራ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ወኪል ለሚያልፍ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። መኪና ውስጥ ስትጭኑ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሌላ ጉዳይ ለመፈጸም አትቁሙ።

በስልክ አዝዞ ቤት ድረስ

ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው የዚህ አገልግሎት ጥቅም አይነገረውም። 27 ኪሎ ገደማ ብረት አራተኛ ፎቅ ማውጣት ቀልድ አይደለም።

ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዋጋው እስከ በር ነው እስከ ብሎኩ ሥር? ሰፈራችሁ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ እዚያ ድረስ ይመጣሉ ወይስ ከአዲስ አበባ ወሰን አያልፉም? ባዶውን ቀድመው ወስደው ሙሉውን "በኋላ" ነው የሚያመጡት ወይስ እጅ በእጅ? የመጨረሻው ላይ አትደራደሩ። ባዶ ሲሊንደር ከቤት የሚወጣው ሙሉው ሲገባ ነው። ለማያውቁት ሰው ባዶ ሰጥቶ መቅረት የተለመደ ታሪክ ሆኗል። ልጁ በር ላይ ሳለም መዝኑ። አይከፋውም፤ ቢከፋውም ይልመደው።

ለሕንፃ ወይም ለግቢ የጋራ መስመር

አፓርታማ የሚሠሩ፣ ግቢያቸው ውስጥ ብዙ ክፍል የሚያከራዩ፣ ወይም ታች ካፌ ያላቸው ሰዎች የሚያስቡት ነው። ትልልቅ ሲሊንደሮች ውጭ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቆማሉ፤ ከዚያ በቧንቧ ለየቤቱ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱም ቆጣሪ ይገጠማል። ጥሩ ከተሠራ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ሲሊንደር ቤት ውስጥ አይገባም፣ ደረጃ ላይ አይጎተትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው አያነሣውም። ቆጣሪው የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው፣ ጋዙ የሚገዛው ግን በኪሎ ነው። አስተዳዳሪው አንዱን ወደ ሌላው ሲቀይር አንድ ሜትር ኩብ ወደ 2.2 ኪሎ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ከተማ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጋዙም በዚያው ልክ ይሳሳል። እዚህ አንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው 1.7 ኪሎ አካባቢ ነው። በ2.2 ከተሰላ ያልተጠቀማችሁትን ከሩብ በላይ ትከፍላላችሁ። ማንም ላይሰርቃችሁ ይችላል፤ ቁጥሩን ከመመሪያ መጽሐፍ ቀድተውት ነው። ውል ከመፈራረም በፊት "የምታባዙት በስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ሌላ ቧንቧው የማን እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜ እንደሚፈተሽ፣ አንድ ነዋሪ ሳይከፍል ሲቀር የሌላውም እንደሚዘጋ ወይም እንደማይዘጋ ውሉ ላይ ይግባ።

ላም ላላችሁ

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ሰበታ አካባቢ ወተት የምትሸጡ ሰዎች ሻጭ ከመፈለጋችሁ በፊት በረታችሁን እዩ። ስድስት ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ጉድጓድ በቀን 40 ኪሎ ያህል እበት ይፈልጋል፤ አራት ወይ አምስት ላም ማለት ነው፣ በተለይ ታስረው ከዋሉ። የእበቱን ያህል ውኃም ይጨመርበታል። ከዚያ የሚገኘው በቀን 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፣ አንድ ዓይን ለአራት ሰዓት ያነዳል። በወር ሲሰላ ከአንድ ተኩል የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ጋር ይቀራረባል።

ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሁለት ጊዜ አስቡ። ላሞቹን ሸጣችሁ ልትወጡ ካሰባችሁም እንደዚሁ። ጉድጓዱ ተነቅሎ አይሄድም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የባዮጋዝ ምድጃና የቡታጋዝ ምድጃ አንድ አይደሉም። የጋዝ ማስገቢያ ቀዳዳቸው ስፋት ይለያያል፤ አንዱን በሌላው አታነዱ።

መብራትስ?

ሳልጠየቅ አልቀርም። የ12.5 ኪሎ ጋዝ ሙቀት 160 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የጋዝ ምድጃ ግማሹን ትንሽ ከፍ አድርጎ ድስቱ ላይ ያሳርፋል፣ ቀሪው በጎን ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያንኑ ሥራ ለመሥራት 125 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ኢንዳክሽን (ድስቱን ራሱን በማግኔት የሚያሞቀው) ከሆነ 100 አካባቢ። ስለዚህ የምትከፍሉትን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ125 አባዙና ከሲሊንደሩ ዋጋ ጋር አስተያዩት። የዛሬውን ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፣ ወር ሳይሞላ ያረጃል። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው፣ ዕቅዱ የአራት ዓመት ነው። ፍጆታ ሲጨምር እርከኑም እንደሚወጣ አትርሱ።

በገንዘብ ብቻ ከሆነ መብራት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ከተማ ዳር ግን መብራት መኖሩ ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው። እንጀራውን ለመብራት ተዉለት። ምጣዱ ሦስት ተኩል ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል፣ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ መብራት ያለበትን ሰዓት ጠብቆ መጋገር ይቻላል። ወጡና ሻዩ ግን ሰዓት አይጠብቁም። ለእነሱ ነው ጋዙ።

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | ሲያልቅ | ኪሎውን ማመን | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| የሰፈር ሱቅ | መካከለኛ | ወዲያው፣ እጥረት ከሌለ | መዝኖ | መኪና ለሌለው፣ አንደኛ ፎቅ ወይ ግቢ ለሚኖር |
| ወኪል ወይም ማደያ | ከፍ ያለ፣ ማስያዣው በደረሰኝ | ጉዞ አለው | የተሻለ | መኪና ላለው፣ ለተከራይ |
| በስልክ ትእዛዝ | መካከለኛ፣ ማድረሻ ይጨመራል | በዚያው ቀን ወይ በነጋታው | በር ላይ መዝኖ | ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ለአቅመ ደካማ |
| የጋራ መስመር | ትልቅ፣ ይከፋፈላል | ነዋሪው አያስብበትም | የሚባዛውን ቁጥር አይቶ | ለአፓርታማ፣ ለካፌ |
| ባዮጋዝ | ትልቅ | ላሙ እስካለ አያልቅም | አያስፈልግም | አራት ላምና ውኃ ላለው |

እንግዲህ ለማን ምን?

ገና የተከራየ ወጣት፣ ኪሱ ሳሳ ያለ ከሆነ፣ ከወኪል በማስያዣ ይውሰድ፤ ደረሰኙን ፎቶ ያንሣ። ትንሿ ባለ ስድስት ወይም ባለ ሦስት ኪሎ ርካሽ ትመስላለች። ግን ቶሎ ቶሎ ታልቃለች፣ ኪሎ በኪሎ ሲሰላም ብዙ ጊዜ ትወደዳለች። ገልባጮች የሚወዷትም እሷን ነው።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ አቅም ካለ፣ ሁለት ሲሊንደር ይያዝ። ቅንጦት አይደለም። አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛው ይገጠማል፤ ባዶውን ለመቀየር አንድ ወር ጊዜ አላችሁ። እጥረትም ሆነ የማኅበር ቀን አያስደነግጣችሁም። እኔ አሁን ያለሁበት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሰፈራችን ሦስት ሱቅ የሚቀይረው ዓይነት ናቸው። ያ የመጀመሪያው ሲሊንደር በረንዳ ላይ ነው፣ ባለቤቴ አበባ አስቀምጣበታለች።

አዛውንት ወላጅ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ በስልክ የሚያደርስና ራሱ ገጥሞ የሚሄድ ሰው ፈልጉላቸው። ገጣሚው በሳሙና አረፋ ሳይፈትሽ እንዳይወጣ ይወቁ። አረፋው ፊኛ ከሠራ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ካለ አባሩት።

የትኛውንም ብትመርጡ ሲሊንደሩ የሚቆምበትን ቦታ ከወዲሁ አስቡበት። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወለል ለወለል ይሄዳል እንጂ ወደ ላይኛው መስኮት አይወጣም። አየር መውጫው ከታች፣ በር ሥር መሆን አለበት። እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው ወለል ላይ፣ ከሰል አንድደን፣ እጣን አጢሰን ነው። ሲሊንደሩና ረከቦቱ አንድ ክፍል ውስጥ አይዋሉ። ሽታው ከመጣ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ቫልቩን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ውጡ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ነው፣ ደውሉ፤ ግን ከውጭ ሆናችሁ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ነበልባሉ ቢደክም አትደንግጡ። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል በቅዝቃዜ ቡቴኑ ለመትነን ይሰንፋል። ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳል። ከሰል አጠገብ አድርጎ ማሞቅ ግን በፍጹም።

ሚዛኗን በተመለከተ፣ አንድ ገዝታችሁ ብሎኩ በጋራ ይጠቀምባት። የእኛን እኔ ነኝ የገዛኋት፣ ግን ካየኋት ቆየሁ። ሦስተኛ ፎቅ ሳትሆን አትቀርም።